ጣና ላይ ለግሩፕ ጀልባ ስትከራዩ፦ የትኛውን ጀልባ፣ ለስንት ሰው፣ በምን ስምምነት

ባህር ዳር የሚደርስ ግሩፕ አብዛኛው ወደቡ ላይ ወርዶ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ጀልባ ስንት ነው?" ብሎ ነው። ዋጋ ግን መጨረሻ ላይ የሚመጣ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ መመለስ ያለባችሁ የት ነው ምትሄዱት፣ ከመካከላችሁ ደከም ያለው ሰው ማነው፣ ስንት ሰዓትስ ነው ምትመለሱት የሚለውን ነው። ይሄን ሳትጨርሱ ከወረዳችሁ ደላላው ይመርጥላችኋል፣ ደላላው ደግሞ የሚመርጠው በዛ ሰዓት ባዶውን የቆመውን ጀልባ ነው። ስለዚህ ገና ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ብር እየተዋጣ እያለ ተነጋግራችሁ ወስኑ።

ከሁሉም በፊት ግን እዛው ባህር ዳር ለሚኖር ሰው ደውሉና የመንገዱንና የከተማውን ሁኔታ አጣሩ፣ ጀልባዎቹ በዛ ሰሞን እየወጡ መሆኑን፣ እስከ ስንት ሰዓት መመለስ እንዳለባቸውም ጠይቁ። በሰው ወሬ ሳይሆን በዛው ሳምንት ውሃው ላይ የነበረ ሰው ቢነግራችሁ ይሻላል።

1. መጀመሪያ ቦታውን ወስኑ

ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ የሀገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው፣ ደሴቶቹ ብቻ 37 ናቸው ይባላል። "ጣና ላይ ወጣ ብለን እንመለስ" የሚለው ሀሳብ የ2 ሰዓት ሽርሽርም ሊሆን ይችላል የሙሉ ቀን ጉዞም ሊሆን ይችላል፣ ጀልባው ደግሞ ለሁለቱ አንድ አይደለም።

ቅርቡ ደብረ ማርያምና ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አካባቢ ነው፣ ጉማሬ ማየት የሚፈልግ ወደዚህ ነው የሚሄደው። ከከተማው ብዙም ስለማይርቅ ትንሽ ሞተር ጀልባ ይበቃዋል፣ ልጆችና ትልልቅ ሰዎች ለያዘ ግሩፕም በጣም ይስማማል ምክንያቱም ሰው ቢደክመው ወይ ቢያመው ቶሎ ትመለሳላችሁ።

መካከለኛው ክብራን ገብርኤል፣ እንጦስ ኢየሱስ እና ዘጌ ነው። ዘጌ በተለመደው ጀልባ 1 ሰዓት አካባቢ ነው የሚወስደው፣ እዛ ደርሳችሁ ደግሞ በጫካው ቡና ውስጥ በእግር ወጣ ብላችሁ ኡራ ኪዳነ ምህረትንና አዝዋ ማርያምን ታያላችሁ። ኡራ ኪዳነ ምህረት የመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያለው ሥዕል ብቻውን ረጅም ጊዜ ያስቆማል፣ አትቸኩሉበት። ይሄ ጉዞ ቢያንስ ግማሽ ቀን ይፈልጋል።

ሩቁ ደቅ ደሴት፣ እቴጌ ምንትዋብ ያሰሩት ናርጋ ሥላሴ፣ የነገሥታት አጽም ያለበት ዳጋ እስጢፋኖስ፣ በምሥራቅ በኩል ደግሞ ታቦተ ጽዮን ለዘመናት አርፋበታለች ተብሎ የሚታመንበት ጣና ቂርቆስ ነው። እነዚህ ከባህር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማና ከዛም በላይ ይርቃሉ፣ በተለመደው ጀልባ አንዱ መንገድ ብቻ ሁለት ሰዓት ተኩልም ሶስት ሰዓትም ሊፈጅ ይችላል። በትንሽ ጀልባ እዚህ ድረስ መሄድ አልመክርም፣ "ይሄዳል፣ እኛ ሁሌ እንሄዳለን" ቢሏችሁም አልመክርም፣ ለምን እንደሆነ ንፋሱ ጋ ስደርስ እነግራችኋለሁ።

አንድ ብዙ ግሩፕ የሚረሳው ነገር፦ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። ግሩፑ ድብልቅ ከሆነ ይሄን ቀድማችሁ ካላወቃችሁ ግማሹ ሰው ጀልባ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ሲመታው ይውላል፣ እህቶቻችንና እናቶቻችን ሙሉ ብር ከፍለው። ክብራን መሄድ ከፈለጋችሁ ከባለ ጀልባው ጋር ስትስማሙ ሴቶቹን ጎኑ ያለው እንጦስ ኢየሱስ አውርዶ ወንዶቹን ክብራን እንዲያደርስና መልሶ እንዲሰበስባችሁ አድርጉ፣ ሁለቱ ቅርብ ለቅርብ ናቸው። ሩቅ ከሆነም ከዳጋ ይልቅ ናርጋ ሥላሴን ብትመርጡ ሁሉም አብሮ ይገባል። የሌሎቹን ገዳማት ሥርዓት ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ፣ ነጠላና ረጅም ቀሚስም አትርሱ።

2. ሰዎቻችሁን በትክክል ቁጠሩ

"ወደ 15 እንሆናለን" አይሰራም። በስም ጻፉ። ህፃን ልጅም ሰው ነው ይቆጠራል፣ እናቱ ብትታቀፈውም ይቆጠራል፣ ምክንያቱም ለሱም ላይፍ ጃኬት ያስፈልገዋል። ከስሙ ጎን መዋኘት ይችላል አይችልም፣ ጉልበት የሚያመው፣ መኪና የሚያዞረው፣ ነፍሰ ጡር ካለች፣ እነዚህን ጻፉ። ከኛ ሰው አብዛኛው መዋኘት አይችልም፣ ይሄ ነውር አይደለም ግን ጀልባ ስትመርጡ መነሻችሁ መሆን አለበት።

ጉልበቱን የሚያመው ሽማግሌ ወይ እናት ካሉ ጠርዙ ከፍ ያለ ጀልባ ላይ መውጣት ይከብዳቸዋል፣ ከወደቡ ላይ መውጣቱ ቢቀል እንኳ ደሴቱ ጋ ስትደርሱ የሚወርዱት ብዙ ጊዜ ድንጋይ ላይ ነው። ስለዚህ መርገጫ ሳንቃ ያለውን ወይ ከፊት ለፊቱ ዝቅ ብሎ የሚያወርደውን ጠይቁ። ጣሪያም የግድ ነው፣ ጣና ላይ ፀሐዩ ከላይም ከውሃውም ነው የሚመታው።

የእቃውን ክብደትም አትርሱት። 12 ሰው በአማካይ 70 ኪሎ ብትሉ 840 ኪሎ ነው፣ በዛ ላይ ምግብ፣ የውሃ ካርቶን፣ ከበሮ፣ የነዳጅ ጀሪካን ሲጨመር ከአንድ ቶን ብዙም አይቀረው። ጀልባው ሲጫን ወደ ውሃው ይሰምጣል፣ ከውሃው እስከ ጀልባው ጠርዝ ያለው ከፍታ እያነሰ ይመጣል፣ ሞገድ የሚገባውም በዛ በኩል ነው። ሁሉም ሰው ከተሳፈረ በኋላ ጎኑን እዩት፣ ከጠርዙ እስከ ውሃው አንድ ክንድ እንኳ ካልሞላ በኔ እይታ ለዘጌ መንገድ በዝታችኋል።

3. የጀልባውን ዓይነት ምረጡ

ታንኳ። ከደንገል የሚሰራው፣ የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ሙያ ነው፣ እጅግ የሚከበር ጥበብ ነው። ሲሰሩት ብታዩ፣ ዳር ዳሩን አንድ ሁለት ሰው ሆናችሁ ብትሞክሩት፣ ለሰሪውም በደንብ ብትከፍሉ ደስ ይለኛል። ለግሩፕ ጉዞ ግን አይሆንም፣ ደንገሉ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ መቀመጫውም ከውሃው ጋር እኩል ነው።

ትንሽ ሞተር ጀልባ፣ ከ6 እስከ 10 ሰው። ለደብረ ማርያምና ለዓባይ መውጫ አሪፍ ነው፣ ጠዋት ከሆነ ለክብራንና ለዘጌም ይሆናል። ቤተሰብ ከሆናችሁ ይሄ ይበቃችኋል።

መካከለኛ፣ ከ12 እስከ 20 ሰው፣ ጣሪያና ግራና ቀኝ አግዳሚ ያለው። ለአብዛኛው ግሩፕ ምርጫዬ ይሄ ነው። 10 ሰው ብትሆኑም ዘጌ ለመሄድ ከትንሹ ይልቅ ይሄን ብትይዙ ይሻላል፣ የዋጋውን ልዩነት ለሰው ስታካፍሉት ብዙ አይደለም። ለምሳሌ ትንሹ 5,000 መካከለኛው 7,000 ብር ቢሏችሁና 10 ሰው ብትሆኑ ልዩነቱ በሰው 200 ብር ነው፣ በ200 ብር ደግሞ ሰው ሳይጨናነቅ ጀልባውም ሳይዘቀዝቅ ትሄዳላችሁ።

ትልቅ ጀልባ፣ ከ25 ሰው በላይ። የጽዋ ማኅበር፣ የሰንበት ትምህርት ቤት፣ የመንፈሳዊ ጉዞ ከሆነ፣ በተለይ ደቅና ናርጋ ከሆነ መድረሻችሁ፣ ይሄን ያዙ። ሞገድ ሲነሳ ከባዱ ጀልባ ይሻላል። ሁለት ሞተር ያለው ከተገኘ በጣም ጥሩ፣ አንዱ ቢቆም በሌላው ትመለሳላችሁ።

እዚህ ላይ ሰው የሚከራከርበት ነገር አለ፣ 24 ሰው ሆነን አንድ ትልቅ እንያዝ ወይስ ሁለት መካከለኛ? ለዘጌ ሁለት መካከለኛ እላለሁ፣ አብረው እስከሄዱ ድረስ። አንዱ ሞተሩ ቢጠፋ ሌላው ይጎትተዋል። ግን ካፒቴኖቹ እርስ በርስ እንዳይራራቁ ቁርጥ አድርጋችሁ ንገሯቸው፣ እሽቅድምድም የሚወዱ ልጆች አሉ፣ ተሳፋሪውም "በለው በለው" እያለ ያሟሙቃቸዋል፣ ይሄ ከመነሳታችሁ በፊት መቅረት ያለበት ነገር ነው። ለሩቁ ግን አንድ ትልቅ።

ፈጣን ጀልባም ታገኙ ይሆናል፣ ሰዓት ያሳጥራል፣ ነዳጁ ግን ብዙ ነው፣ ሞገድ ላይ ሲዘል ደግሞ ወገብ ለሚያመው ሰውና ለነፍሰ ጡር ጥሩ አይደለም።

4. ሰዓቱን በንፋሱ አስሉ

እንግዲህ ዋናው ነገር ይሄ ነው። ጣና ሰፊ ነው ግን ጥልቀቱ ትንሽ ነው፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር አካባቢ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ንፋስ ሲነካው ቶሎ ይናወጣል፣ ሞገዱም አጠር አጠር ብሎ ስለሚደጋገም ትንሽ ጀልባን አንዱን ሳይጨርስ ሌላው ይመታዋል። ጠዋት ውሃው ዝም ብሎ ተኝቶ ታዩታላችሁ፣ ከሰዓት በኋላ ንፋሱ ይነሳል። ጠዋት ሲሄድ ደረቅ የነበረ ሰው ከሰዓት ሲመለስ በስብሶ የሚወርደው ለዚህ ነው። ስለዚህ ጀልባ የሚመረጠው በጠዋቱ ውሃ ሳይሆን በከሰዓቱ ውሃ ነው።

ለዘጌ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከወደብ ተነሱ። 1 ሰዓት ማለት 1 ሰዓት ላይ ሞተሩ ተነስቶ ማለት ነው፣ ቁርስ እየበላን ማለት አይደለም። እንዲህ ከሆነ እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ተመልሳችሁ ምሳችሁን ከተማ ትበላላችሁ። ሰው ተሰብስቦ እስኪመጣ 3 ሰዓት ከሆነባችሁ ዘጌን ትታችሁ ቅርቡን ብትሄዱ ይሻላል፣ አዝናለሁ ግን እንደዛ ነው። ለደቅና ለናርጋ ደግሞ ገና ሲነጋ መነሳት አለባችሁ፣ መልሱ የግድ ከሰዓት ላይ ስለሚወድቅ ነው ትንሽ ጀልባ አይሆንም ያልኳችሁ። ሌላው አማራጭ እዛው አድሮ በማግስቱ ጠዋት መመለስ ነው፣ ማደሪያውን ግን ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ክረምት ላይ፣ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ፣ ዝናቡና መብረቁ ድንገት ነው የሚመጣው። ደመና ከጠቆረ ገንዘብ ተከፍሏል ብላችሁ አትውጡ። የካቲት 16 የኪዳነ ምህረት ዕለት ደግሞ ወደ ዘጌ የሚሄደው ሕዝብ ብዙ ስለሆነ ጀልባ ቀድማችሁ ካልያዛችሁ ትርፍ ጭኖ የሚሄድ ላይ ትወድቃላችሁ፣ በዛ ቀን የሚሄድ ግሩፕ ኮንትራቱን ከሳምንታት በፊት ይጨርስ።

5. ላይፍ ጃኬቱን ራሳችሁ እዩ

ለባለ ጀልባው ጥያቄውን እንዲህ አቅርቡለት፦

"ወንድሜ ጀልባህ ስንት ሰው ይይዛል?"

"15 ይይዛል፣ ጠጋ ጠጋ ካላችሁ 18ም ይሆናል።"

"ላይፍ ጃኬትህስ ስንት ነው?"

"አስር ይሆናል፣ ካነሰ ከጓደኞቼ አመጣለሁ።"

በቃ፣ ያ ጀልባ ለናንተ የ10 ሰው ጀልባ ነው። ከጓደኞቹ የሚያመጣውን አምጥቶ ወደቡ ላይ ቆጥራችሁ ካላያችሁ በስተቀር 11ኛው ሰው አይሳፈርም። መቁጠር ብቻም አይበቃም፣ አንድ በአንድ አስወጧቸው። ውስጡ ያለው ስፖንጅ ሲጨመቅ የሚፈርስ ከሆነ፣ ማያያዣው የተሰበረ ወይም በሲባጎ የታሰረ ከሆነ አስቀይሩት። ከአግዳሚው ስር ተጠቅጥቆ የሚቀመጥ ጃኬትም የለም እንደማለት ነው፣ ከመነሳታችሁ በፊት ሁሉም ለብሶ ይቁም።

ልኩን ለማወቅ ለብሶ የቆመውን ሰው ትከሻው ላይ ያለውን ጨርቅ በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡት። ጃኬቱ ወደ ጆሮው ከወጣ ሰፍቶታል፣ ውሃ ውስጥም ከላዩ ላይ ያመልጣል። ልጅ ላይ ይሄን በደንብ አድርጉት፣ የአዋቂ ጃኬት የለበሰ የ4 ዓመት ልጅ ምንም እንዳልለበሰ ነው የሚቆጠረው። የልጅ የሚሆን ባህር ዳር ላይ ሁሌ ስለማይገኝ ከአዲስ አበባ ወይ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ በእግር መሃል የሚታሰር ማሰሪያ ያለውን አስመጡ። እናቶች ደግሞ ነጠላቸውን ከጃኬቱ በላይ ይለብሱታል፣ ማያያዣው ስለማይታይ ተቆልፎ ይሁን አይሁን አይታወቅም፣ ነጠላው ከስር ይሁንና ጃኬቱ ከላይ ይታሰር። "እማዬ እስኪ ልይልዎት" ብሎ የሚያስተካክልላቸው አንድ ልጅ መድቡ።

6. ሞተሩንና ጀልባውን እዩ

መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ሞተሩን አስነሱትና ከኋላ በኩል ቀጭን ውሃ እየተፋ መሆኑን እዩ፣ ያ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ ነው፣ የማይተፋ ከሆነ ወይ እያንጠባጠበ ከሆነ መሃል ሐይቅ ላይ ግሎ ይቆማል። በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ እምቦጭ ስላለ ወደዛ ጎን፣ ለምሳሌ ወደ ጎርጎራ፣ የምትሄዱ ከሆነ አረሙ ፕሮፔለሩ ላይ ሲጠመጠም ካፒቴኑ ምን እንደሚያደርግ ጠይቁት፣ መልሱ ልምድ እንዳለው ይነግራችኋል።

የጀልባውን ወለል እዩ፣ ትንሽ ውሃ መኖሩ ያለ ነው፣ ግን ወደቡ ላይ ቆሞ እያያችሁት እየጨመረ ከሆነ ሌላ ጀልባ ፈልጉ። መቅዘፊያ፣ ውሃ መቅጃ፣ መለዋወጫ ካንዴላ፣ ገመድ መኖራቸውን ጠይቁ። ነዳጅ ላይ ያለው ጥሩ ስሌት ሲሶው ለመሄጃ፣ ሲሶው ለመመለሻ፣ ሲሶው ለመጠባበቂያ ነው፣ ንፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ የመመለሻው ከመሄጃው ይበልጣልና። ጀሪካኑን አንስታችሁ ክብደቱን እዩ፣ የነዳጅ እጥረት ያለበት ሰሞን ከሆነ ደግሞ ከዋዜማው ጀምሮ ተገዝቶ መቀመጡን አረጋግጡ።

7. ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጉት

ኮንትራት መሆኑንና በሰው አለመሆኑን መጀመሪያ አስምሩበት፣ ካልሆነ እናንተ 12 ሆናችሁ ከተሳፈራችሁ በኋላ "እነዚህን ሁለት ሰዎች ብቻ" ብሎ ሊጨምርባችሁ ይችላል። ከዛ ቴሌግራም ላይ ለካፒቴኑ ጽፋችሁ ላኩለት፦ የት የት ነው የሚያቆመው፣ ስንት ሰዓት ተነስቶ ስንት ሰዓት ይመለሳል፣ እዛ ስንት ሰዓት ይጠብቃል፣ ነዳጁ ውስጥ ነው ወይ፣ ስንት ጃኬት ያመጣል፣ ሞተር ቢበላሽ ሌላ ጀልባ የሚያመጣው ማነው። "እሺ" ብሎ ይመልስላችሁ፣ ያ ይበቃል። የገዳማቱ መግቢያና የአስጎብኚ ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ ለየብቻ ስለሆነ ከጀልባው ሂሳብ ጋር አታደባልቁት፣ የቪዲዮ ካሜራ ካላችሁም የሚከፈልበት ሊሆን ይችላል፣ ጠይቁ።

ሙሉ ሂሳብ ቀድማችሁ አትክፈሉ። ቀብድ ስጡ፣ ቢበዛ ግማሹን፣ ቀሪውን ስትመለሱ። ከተቻለ የጀልባ ባለቤቶች ማኅበር ጋ ሄዳችሁ ወይ ያደራችሁበት ሆቴል በሚያውቀው ሰው በኩል ያዙ፣ ችግር ቢመጣ የምትጠይቁት አካል ይኖራችኋል። ዋጋውን ከሌላ ሁለት ጀልባ ጋር አወዳድሩ፣ ግን ከሁሉም በጣም የረከሰውን ስታዩ ምኑን ቀንሶ እንደሆነ ጠይቁ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀነሰው ነዳጅ ወይ ጃኬት ነው።

8. ውሃው ላይ

ከተሳፈራችሁ በኋላ አለቃው ካፒቴኑ ነው፣ ከግሩፑ ደግሞ አንድ ተጠሪ ይኑር። ትልቁ አደጋ ጉማሬ ሲታይ ሁሉም ስልኩን ይዞ ወደ አንድ ጎን ሲነሳ ነው፣ ይሄን ከመነሳታችሁ በፊት ንገሩ፣ ተቀምጦ ነው የሚታየው፣ ጀልባውም ራቅ ብሎ ይቁም። ጉማሬ ሲጠጉት ዝም የሚል እንስሳ አይደለም። መዝሙር ዘምሩ፣ ከበሮም ምቱ፣ ግን ቆሞ ማሸብሸቡ ደሴቱ ላይ ይሁን። ከየማቆሚያው ስትነሱ በስም ዝርዝሩ ጥሩ እንጂ በዓይን አትቁጠሩ። ከተማ ለቀረ አንድ ሰው የካፒቴኑን ስልክና የምትመለሱበትን ሰዓት ተዉለት። ዳር ዳር፣ ደንገልና ሳር ባለበት አካባቢ አትዋኙ እግራችሁንም አትንከሩ፣ ጣና ላይ ቢልሃርዚያ አለ።

ጣና ካልሆነስ?

ሐዋሳ ትንሽ ስለሆነ ይቀላል፣ ከፍቅር ሐይቅም ከአሞራ ገደልም ጀልባ ታገኛላችሁ፣ የንፋሱና የጃኬቱ ነገር ግን እዛም ያው ነው። ቢሾፍቱ ባቦጋያ ላይ ሪዞርቶቹ ካያክና በእግር የሚነዳ ጀልባ አላቸው፣ ለወጣቶች ግሩፕ ጥሩ ነው፣ የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ስለሆነ ግን ከዳሩ ትንሽ ፈቀቅ ሲሉ ድንገት ጥልቅ ነው። ወንጪ ላይ ወደ ወንጪ ቂርቆስ የምትሻገሩበት መንገድ አጭር ነው፣ ከፍታው ግን ብርድ ስላለው ለልጆች የሚሞቅ ልብስ ያዙ። ጫሞ ላይ ደግሞ የአዞ ገበያ የሚባለውን ለማየት ስትሄዱ ጠርዙ ከፍ ያለ፣ ጠንካራ፣ ሞተሩ የሚያስተማምን ጀልባ ብቻ ነው የሚያዘው፣ ዋጋውን ለመቀነስ በትንሹ እንሂድ የሚል ሰው ቢኖር አትስሙት፣ ሞተሩ ሲቆም ማንም እጁን ወደ ውሃው እንዳይሰድ።